ከ49 ዓመት በኋላ ያለችው ሴት

ከፒያሳ በሰሜን ሆቴል በኩል ሽቅብ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወጣ ታክሲ ውስጥ የመስኮት ጭቅጭቅ የተለመደ ነው። አንዱ ይከፍታል፤ ሌላው «ዝጉት እባካችሁ፣ ብርድ ነው» ይላል። ሰፈሩ በእንጦጦ ግርጌ፣ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ፍርዱ ብዙ ጊዜ ለሚዘጋው ነው። ሌላው ተሳፋሪ ተኮራምቶ ሳለ ነጠላዋን ከአንገቷ ገፍታ ግንባሯን በመሐረብ የምትጠርግ ሴት ግን ከእነዚህ ታክሲዎች አትጠፋም። ዕድሜዋ ሃምሳ አካባቢ ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው «እትዬ፣ ግፊት አለብዎት እንዴ?» ብሎ ይጠይቃታል።

እሷም ቢቸግራት ከታክሲ እንደወረደች ፋርማሲ ገብታ ግፊቷን ትለካለች፤ ደህና ነው ትባላለች። ስኳሯን ትመረመራለች፤ እሱም ደህና ነው። ከዚያ በኋላ «ብርድ ነው»፣ «ምች ይሆናል»፣ «ሐሳብ አብዝተሽ ነው» ከሚሏት አንዱን ይዛ ወደ ቤቷ ትገባለች። የወር አበባሽን ካየሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ ብሎ የጠየቃት የለም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር በዚህች ባልተጠየቀች ጥያቄ ላይ ነው። በጤና ጣቢያ፣ በፋርማሲና በቤት ውስጥ ይህች ጥያቄ በጊዜዋ ብትጠየቅ ብዙ ሴቶች ከዓመታት ድካም ይድናሉ ብዬ አምናለሁ።

አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ በእርግዝና፣ በመድኃኒት ወይም በሕመም ምክንያት ሳይሆን በራሱ ጊዜ ለተከታታይ 12 ወራት ሲቀር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይደርሳል። ወላፈኑ፣ ማለትም ድንገት የሚመጣው የሙቀት ስሜት፣ ግን ደሙ እስኪቆም አይጠብቅም። የወር አበባው አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ መምጣት በሚጀምርባቸው ዓመታት ብቅ ይላል። ከእንቁልጢ የሚመነጨው ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲዋዥቅና ሲቀንስ፣ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ሥራው ይዛባል። ቀድሞ ከምንም የማይቆጥረውን ጥቂት የሙቀት ጭማሪ እንደ ከባድ ሙቀት ያየዋል፤ ሰውነትን ለማቀዝቀዝም ደም ወደ ቆዳ እንዲሮጥና ላብ እንዲፈስ ያዛል። ደረት፣ አንገትና ፊት ይግላሉ፣ ልብ ይመታል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት ደቂቃ ይቆያል። ላቡ ሲደርቅ ደግሞ ሰውነት ይቀዘቅዝና ያንቀጠቅጣል። ብዙ እናቶች «ብርድ መታኝ» የሚሉት ይህን የመጨረሻውን ክፍል ይመስለኛል። ብርዱን ያስተውላሉ፤ ከፊቱ የነበረውን ሙቀት ግን ለሰው አይናገሩም።

«ታገሺው፣ በጥቂት ወር ያልፋል» የሚለው ምክር ከፍቅር የሚመጣ ቢሆንም እውነት አይደለም። በአሜሪካ ሴቶችን ለዓመታት ሲከታተል የቆየ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ውጤት፣ ወላፈኑና የሌሊት ላቡ ደጋግሞ ከሚያስቸግራቸው ሴቶች ግማሾቹ ላይ ከ7 ዓመት በላይ እንደሚዘልቅ አሳይቷል። የወር አበባቸው ሳይቆም የጀመራቸው ሴቶች ከሁሉም ይበልጥ ረጅም ጊዜ ይቆይባቸዋል። በዚያው ጥናት ከተካተቱት መካከል ለረጅሙ ጊዜ የተቸገሩት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ሲሆኑ፣ የእነርሱ 10 ዓመት ገደማ ነበር። ሰባት ዓመት የእንቅልፍ እጦት በትዕግሥት ብቻ የሚወጡት ነገር አይደለም።

ከቀኑ ይልቅ ሌሊቱ ይከብዳል። አዲሱ ገበያ፣ ድል በር፣ ሩፋኤል፣ ሽሮ ሜዳ፣ እነዚህ ሰፈሮች የቆዩ የቀበሌ ቤቶች የበዙባቸው ናቸው። አንድ ክፍል ውስጥ አባት፣ እናትና ልጆች፣ አንዳንዴም ከገጠር የመጣ ዘመድ አብረው ያድራሉ። የእንጦጦን ብርድ በመፍራት መስኮቱ ይጠረቀማል፣ በሩ ሥር ጨርቅ ይወተፋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴትዮዋ ላብ አጥምቋት ትነቃለች። ብርድ ልብሱን ስትገፋ አጠገቧ የተኛው ባሏ ይበርደዋል፣ ይስባል። መስኮት ልክፈት ብትል ልጆቹ ጉንፋን ይይዛቸዋል። ተነሥታ ልብስ ልትቀይር ብትል መብራቱ ቤቱን በሙሉ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ በረጠበው ቀሚሷ ውስጥ እንደተጋደመች ንጋትን ትጠብቃለች። ጠዋት እንጀራ መጋገር የሚጠብቀው እሷን ነው፤ ምጣድ ፊት ስትቆም ደግሞ ወላፈኑ ከሁለት በኩል ይመጣል። ጉልት የምትቸረችረውም፣ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደውም፣ ቢሮ የምትውለውም በዚህ እንቅልፍ ነው ሥራ የምትገባው። ከዚያ «እናታችን ተነጫናጭ ሆነች» ይባላል።

ባልና ሚስት በአንድ ብርድ ልብስ ላይ ከሚጓተቱ ለየራሳቸው መልበሱ የመጀመሪያው ቀላል መፍትሔ ነው። ሰው ሠራሽ ክር ያለው ወፍራም ብርድ ልብስ ላብን ያፍናል፤ ጥጥ ግን ላብን ይጠጣል፣ አየርም ያሳልፋል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሚሠሩት ነጠላና ጋቢ እዚሁ ጎረቤት እያለ ከውጭ የመጣውን ከባድ ልብስ መምረጥ ለዚህች ሴት አይጠቅማትም። ከሥር ነጠላ፣ ከላይ ጋቢ አድርጋ ብትተኛ ሙቀቱ ሲመጣ ጋቢውን ብቻ ትገፋለች፤ ብርዱ ሲከተል መልሳ ትለብሳለች። ደረቅ የሌሊት ልብስና ውኃ ከራስጌዋ ብታኖር በጨለማ መፈለግ አይኖርባትም። ይህ ሁሉ ወላፈኑን ራሱን አይቀንሰውም። እንቅልፏን ግን በከፊል ያተርፍላታል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ሰፈራችን ያለበት ጉለሌ የሌሊት ላብን በሚገባ የሚያውቅ ክፍለ ከተማ ነው፤ የሚያውቀው ግን በሌላ በሽታ ነው። በእንጦጦ ሥር ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ ቆይቷል፤ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ በአገራችን ሕክምና ሲጀመርም እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው እዚያ ነው። ኢትዮጵያ ዛሬም ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። በየጤና ጣቢያው ሕመምተኛ የሚጠየቃቸው ጥያቄዎችም ይታወቃሉ፦ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል አለ? ትኩሳትስ? ክብደት ቀንሰሻል? ሌሊት ያልብሻል?

ይህ ጥያቄ መጠየቁ ትክክል ነው፤ ማንም እንዲያስቀረው አልፈልግም። የ50 ዓመት ሴት ስታልባት «ማረጥ ነው» ብሎ መሸኘትም አደገኛ ስሕተት ነው። ሳል ካለባት፣ ክብደቷ ከቀነሰ፣ የምግብ ፍላጎቷ ከጠፋ፣ ማታ ማታ ትኩሳት ካላት የአክታ ምርመራና ራጅ ያስፈልጋታል። እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ ልቧ ሁልጊዜ የሚመታና እየከሳች የምትሄድ ከሆነ ደግሞ የእንቅርት ዕጢዋ ከመጠን በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ከቆላ ደርሳ የተመለሰች ከሆነ ወባም አይረሳም። ችግሩ ያለው በሌላው ወገን ነው፦ ሳል የለም፣ ክብደት አልቀነሰም፣ አክታው ነጻ ነው፣ ራጁም ጥሩ ነው ከተባለ በኋላ ጥያቄው እዚያ ይቆማል። ሴትዮዋ «ምንም የለብሽም» ተብላ ትመለሳለች። ማታ ግን ያው ላቡ ይጠብቃታል።

በዚህ ግራ መጋባት የበለጠ የሚጎዱ አሉ። በኢትዮጵያ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ያኔ በ30 ዓመቷ መድኃኒት የጀመረች ሴት ዛሬ ሃምሳን ይዛለች። ሞት የተፈረደባት መስሏት የነበረች ሴት ለማረጥ በቃች፤ ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ሌሊት ሲያልባት መጀመሪያ የሚመጣባት ሐሳብ «መድኃኒቱ ከዳኝ» የሚል ፍርሃት ነው። የቫይረሱ መጠን ተለክቶ ዝቅተኛ መሆኑ ከተረጋገጠላት በኋላ ስለ ማረጥ አምስት ደቂቃ ብትነገር ያ ፍርሃት ይቀልላት ነበር።

ለምን አልተነገረም? መልሱ የጤና ባለሙያ ስንፍና አይመስለኝም። ሥርዓቱ የተሠራበት ዕድሜ ነው ችግሩ። የአገሪቱን ጤና የምንለካበት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ሲካሄድ ያነጋገራቸው ሴቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉት ናቸው። የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራችን የተነደፈውም ከ30 እስከ 49 ላሉት ነው። የቤተሰብ ምጣኔው፣ የእርግዝና ክትትሉ፣ የወሊዱ፣ የክትባቱ መዝገብ ሁሉ የሚከፈተው ለወላድ ሴት ነው። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም፤ በወሊድ የሚሞቱ እናቶች በዝተው ነበር። በዚያው ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 ወርዷል። እነዚያ ከሞት የተረፉት እናቶች ግን ኖረው ሃምሳ እየሞላቸው ነው። ያተረፍናትን ሴት በ50 ዓመቷ ልደት ማግስት ከመዝገብ ማውጣት ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው።

ከአዲሱ ገበያ ዝቅ ብሎ እዚያው ጉለሌ ውስጥ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። በ1961 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ሆስፒታል ዛሬ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት የሕክምና ኮሌጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ መውለድ ላልቻሉ ጥንዶች የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። የ40 ዓመት ሴት እንድትወልድ የሚረዳ እውቀት በዚህ ሰፈር አለ። ያው እውቀት፣ ያው ሆርሞን፣ ያው ባለሙያ የ51 ዓመቷንም እንቅልፍ ሊመልስ ይችላል። የሚጎድለው ከጤና ጣቢያው ወደ ስፔሻሊስቱ የሚያደርሰው ጥያቄ ነው።

የዝምታው ድርሻ የሁላችንም ነው። ስለ ወር አበባ ለልጃገረዶች መናገር ጀምረናል፤ በየትምህርት ቤቱ የንጽህና መጠበቂያ ጉዳይ ሲነሣ ደስ ይለኛል። ሲቆም ስለሚሆነው ግን እናት ለልጇ፣ ታላቅ ለታናሿ አይናገሩም። ባህላችን ለዚህ ዕድሜ ክብር መንፈጉ አይደለም። ኦርቶዶክሳዊቷ እናት በየወሩ ከቤተ መቅደስ ውጭ መቆሟ ቀርቶ በፈለገችበት ቀን ትገባለች፤ ትቆርባለች፣ ከፈለገችም ቆብ ደፍታ ትመነኩሳለች። ሙስሊሟ እናት ረመዳንን ሳታቋርጥ ትጾማለች፣ ቀዳ፣ ማለትም ያለፋትን ጾም፣ የምታወጣበት ቀን የለባትም። ብዙ ሴቶች ይህን እንደ ዕረፍት ሲቀበሉት ይታያል፤ ደስ ይበላቸው። ክብሩ ግን ሰውነቷ ላይ ስለሚሆነው ነገር እንዳትናገር የሚያደርግ ሆኖ መቅረት የለበትም። ጸበል የምትጠመቅም እናት ጸበሏን ሳትተው ሐኪም መጠየቅ ትችላለች፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሕክምናው አለ። ከሁሉ የበለጠ የሚሠራው የጎደለውን ኢስትሮጅን በትንሽ መጠን መተካት ነው። ይህ ሕክምና ለምን ስሙ እንደጠፋ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ፍርሃቱ እኛ ጋም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 በአሜሪካ ከ16,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ የጡት ካንሰርና የልብ ሕመም ጨመረ ተብሎ ተቋረጠ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶች መድኃኒታቸውን ጣሉ። በኋላ በእርጋታ ሲታይ ግን ሴቶቹ በአማካይ 63 ዓመት የሆናቸው፣ ብዙዎቹም ካረጡ ከአሥር ዓመት በላይ ያለፋቸው ነበሩ። የጡት ካንሰሩ ጭማሪም በዓመት ከ10,000 ሴቶች መካከል 8 ነበር። ዛሬ የሙያ ማኅበራት የሚስማሙበት ይህ ነው፦ ዕድሜዋ ከ60 በታች ለሆነ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ሌላ የሚከለክል ሕመም ለሌለባት ሴት፣ ወላፈኑ ኑሮዋን ካወከው ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል። ለአጥንቷም ይረዳታል።

የሚከለከሉ አሉ። የጡት ካንሰር የያዛት፣ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም የመታት፣ የጉበት ሕመም ያለባት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ከማህፀኗ የሚፈስ ሴት አትወስድም። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅንን ብቻዋን መውሰድ የለባትም፤ የማህፀን ግድግዳ እንዳይወፍርና ወደ ካንሰር እንዳያመራ ፕሮጄስትሮን መጨመር አለበት። አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የዚህ ምትክ አይደለም። በውስጡ ያለው የሆርሞን ጉልበት ከፍ ያለ ነው፤ ግፊት ላለባት የሃምሳ ዓመት ሴት አደጋ ነው። ከጎረቤት ወይም ከልጅ የተረፈ ክኒን መውሰድ ይቅር።

ከሆርሞኑ ውጭም መንገድ አለ። ለድብርት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች በአነስተኛ መጠን፣ ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው ጋባፔንቲንም ወላፈኑን ይቀንሳሉ። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት በተለይ መጠንቀቅ አለባት፤ ፓሮክሴቲን የተባለው መድኃኒት የታሞክሲፈንን ሥራ ስለሚያዳክም ስለምትወስደው ሁሉ ለሐኪሟ መንገር አለባት። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በአሜሪካ ፌዞሊኔታንት የሚባል ሆርሞን ያልሆነ፣ በቀጥታ በአንጎል ሙቀት መቆጣጠሪያ ላይ የሚሠራ መድኃኒት ተፈቅዷል፤ ጉበትን ስለሚነካ የደም ምርመራ ይጠይቃል።

ስለ ተልባ ብዙ ይወራል። ተልባ ደካማ ኢስትሮጅን መሰል ነገር በውስጡ ስላለ «ጠጪው፣ ይተውሻል» ይባላል። በአሜሪካ በወላፈን የሚቸገሩ ሴቶች ላይ ተልባ ያለበት ምግብ ተሰጥቶ ተልባ ከሌለበት ጋር ሲነጻጸር ልዩነት አልታየም። ተልባ ለሆድ ጥሩ ነው፤ በጾምም የለመድነው ነው፤ እንደ መድኃኒት ግን አይጠበቅ። ቡናው፣ በርበሬውና ሚጥሚጣው ደግሞ ከሴት ሴት ይለያያል። አቦልና ቶናን ችላ የምትጠጣ አለች፤ ገና ከሲኒው እንፋሎት የሚጀምራት አለች። ለሁለት ሳምንት ወላፈኑ የመጣበትን ሰዓትና ከዚያ በፊት የቀመሰችውን ብትጽፍ ራሷ ታውቀዋለች፤ ሁሉንም በጅምላ መከልከል አያስፈልግም።

ከሁሉ ይልቅ ለሰፈራችን የሚስማማ የሚመስለኝ ሌላ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሙከራ፣ ሴቶች ተሰብስበው ስለ ወላፈን ትክክለኛውን ሲማሩ፣ ቀስ ብሎ መተንፈስን ሲለማመዱ፣ «ሁሉም ሰው እያየኝ ነው» የሚለውን ኀፍረትና የእንቅልፍ ጭንቀትን ሲነጋገሩበት ችግሩ ከእነርሱ ላይ እንደሚቀል አሳይቷል። የሚገርመው፣ ትምህርቱን በመጽሐፍ በቤታቸው ለአራት ሳምንት የተከታተሉትም እንደ ቡድኑ ሁሉ ተጠቅመዋል። ይህ ማሽን አይፈልግም፣ ዶላር አይፈልግም። በአዲሱ ገበያ በየግቢው የሚፈላ ቡና አለ፤ ማኅበርና እድር አለ፤ ቤት ለቤት የሚዞሩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ። የጉለሌ ጤና ጽሕፈት ቤት አንዲት ቀጭን የአማርኛ መጽሐፍ አዘጋጅቶ በእነዚህ ባለሙያዎች እጅ ቢልክ፣ በየጤና ጣቢያውም ከቲቢው ጥያቄ ቀጥሎ «የወር አበባሽን ያየሽው መቼ ነው?» የሚል አንድ መስመር በካርዱ ላይ ቢጨመር ሥራው ይጀመራል። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ የሚያስወጣው ገንዘብ የወረቀት ነው።

ለእናንተ ለእናቶች ደግሞ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ስለምትነግሩት ጥቂት ልበል። ዕድሜያችሁ ከ45 በላይ ሆኖ የወር አበባው ተዛብቶ ወላፈን ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ ማረጥን ለማወቅ ውድ የሆርሞን ምርመራ አያስፈልግም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ከ40 ዓመት በፊት ከመጣባችሁ ግን መመርመር ያስፈልጋል። የሦስት ወር መርፌ የምትወስዱ ከሆነ ደሙ የቀረው በመርፌው ሊሆን ስለሚችል ይህን ንገሩ። ወላፈን ስለጀመራችሁ ብቻ መጸነስ የቀረ አይምሰላችሁ፤ ሃምሳ ያልሞላችሁ የመጨረሻውን ደም ካያችሁ በኋላ ለሁለት ዓመት፣ ሃምሳ ያለፋችሁ ለአንድ ዓመት መከላከያውን አትተዉ። ደሙ ከቆመ 12 ወር ካለፈ በኋላ ደግሞ ጠብታ እንኳ ብታዩ የማህፀን ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበትና፣ ሳትዘገዩ ካርድ አውጥታችሁ ታዩ።